የድልድዩ ጠባቂ ይሰማል

ሚያዝያ 6

ለወንድሜ ልጅ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፣

ሰላምታዬ ባሕር ተሻግሮ፣ በርሽን ሳያንኳኳ ገብቶ ይሳምሽ። እኔ ጉልበቴን ከሚያመኝ በቀር ደህና ነኝ። እሱም ደረጃ ካልወጣሁ ዝም ይላል፤ በዚህ ጊዜ ደግሞ የት ልወጣ! ፈጣሪ አንቺንም፣ ያለሽበትን አገር ሰውም ከዚህ ወረርሽኝ ይሰውራችሁ።

እንደ ልማዴ በእጄ ጽፌ፣ ገጹን በስልክ ፎቶ አንስቼ ነው የምልክልሽ። ልደውል እንዳትይኝ። ስልክ ስይዝ እንደምጮህ ታውቂያለሽ፤ ባለፈው ስናወራ ጎረቤት ሰው የሞተብኝ መስሎት ነጠላ ጫማውን እንኳ ሳያደርግ ሮጦ መጥቷል።

ወሬው ይኸውልሽ፦ ማኅበራችን ተነሣ! አዎ፣ ያ ጥርስሽን የነቀልሽበት የአማተር ሙዚቃዊ ቴአትር ማኅበር። የሰፈሩ አዳራሽ ከተቆለፈ ወዲህ እያንዳንዳችን ቤታችን ተወሽቀን ከግድግዳ ጋር ስንፋጠጥ ከረምን። በመጨረሻ አዘጋጃችን አላስቻላትም። መድኃኒት ቤቷ ውስጥ ጭምብል አጥልቃ ስትሸጥ ትውልና፣ ባለፈው ሳምንት ሁላችንንም ስክሪን ላይ ሰበሰበችን። “‘የድልድዩን ጠባቂ’ እንሠራለን፤ ሁሉም ከቤቱ ይዘፍናል፣ ሰዓት ሠሪው ደግሞ ቆራርጦ ይገጣጥመዋል” አለች። ሰዓት ሠሪው ሱቁ ከተዘጋ ጀምሮ እጁን በልቶታል፤ የሚፈታታው ሲያጣ የሚስቱን ምድጃ ፈትቶ ሁለት ብሎን ተርፎታል።

የመጀመሪያውን ልምምድ ብታዪ! ለረጅም ጊዜ ማንም ሌላ ቃል አልተነፈሰም። “ይሰማል?” “እኔስ ይሰማል?” “ኧረ ይሰማል ወይ?” ዳቦ ጋጋሪው ስልኩን እንዴት እንደሚያቆመው ስለማያውቅ የሚታየው ግንባሩና ጣሪያው ብቻ ነው። ጣሪያው ቀለም ያስፈልገዋል። ከዚያ ተቀባዮቹ አብረው ይዝፈኑ ተባለ። ኔትወርኩ እያዘገየው አንዱ አዝማቹን ሲጨርስ ሌላው ገና ይጀምራል። አዘጋጇ ሣቅ ጣላት፣ እውነቴን ነው፣ ከወንበሯ ወደቀች፤ ለጥቂት ጊዜ ያዘጋጀን ባዶ ወንበር ነበር።

እኔ ግን ሥራ ፈታሁ። ዕድሜ ልኬን ከመጋረጃ ጀርባ ተቀምጬ ቃል ለጠፋበት ሹክ ስል ኖሬ፣ አሁን ሁሉም ቃሉን ከስክሪኑ አጠገብ ለጥፎ እያነበበ ይዘፍናል። ማን ይፈልገኛል?

ዋናውን ነገር ቁጭ ብለሽ አንብቢው። የጠባቂውን ልጅ አንቺ ሁኚልን! ሁሉም ከቤቱ ከሆነ፣ ጎረቤት ያለው ቤትና ባሕር ማዶ ያለው ቤት ምን ለያቸው? ይህን ያለችው አዘጋጇ ራሷ ናት። ታሪኩን አትረሺውም፤ ጭጋግ ወንዙን ሸፍኖታል፣ ጠባቂው ድልድዩ ላይ ቆሞ “ይሰማል?” እያለ ይዘፍናል፣ ልጁ ከጀልባዋ “ይሰማል!” ትለዋለች፣ በድምፁ እየተመራች ቤቷ ትደርሳለች። አባትሽ ሲለማመደው ጉልበቱ ላይ ተቀምጠሽ ነው ያደግሽው።

እሺ በይኝ።

አክስትሽ

ሚያዝያ 8

ለተከበሩ አክስቴ፣ ለማኅበሩ ሹክ ባይ፣

ጉልበትዎን ይማርልኝ፤ ደረጃውንም ያሳጥርልዎ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ብቻም አይደለሁ! ደብዳቤዎን ሳነብ ጮቤ ረገጥኩ፣ ለአባባል አይደለም፣ የእውነት ረገጥኩ። ከሥር የሚኖረው ጎረቤቴ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን ደበደበው። እሺ! እሺ! አንድ ሺህ ጊዜ እሺ!

ከዚያ ሰፈር ከወጣሁ ጀምሮ እኮ ዘፍኜ አላውቅም። ሥራዬ አሁን ከመኝታ ቤቴ ነው። የጆሮ ማዳመጫ አጥልቄ፣ ማቀዝቀዣው ለተበላሸበትና የልብስ ማጠቢያው ውሃ ለሚያፈስበት ሰው ሁሉ “ምን ልርዳዎት?” እላለሁ። አንዳንዱ ይጮኽብኛል፣ አንዳንዱ ሕፃን እንዳይነቃበት ያንሾካሹካል። ዛሬ ሳላስበው አንዱን ሰውዬ በዜማ መለስኩለት። እስክጨርስ ጠበቀና “ማጠቢያው ግን አሁንም ያፈሳል” አለኝ።

ችግሩ የልምምዳችሁ ሰዓት ከሥራዬ ጋር ይጋጫል። ስለዚህ ድርሻዬን ለብቻዬ ቀድቼ እልካለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። አባዬ ምን ሆኖ ነው? ስደውል አያነሣም፤ በጽሑፍ “ደህና ነኝ ልጄ፣ በርቺ” ይለኛል። አባዬ! በአውቶቡስ ጣቢያው የመነሻ ሰዓት ሲያሰማ ድምፅ ማጉያ የማያሻው፣ ሰው ሁሉ “መለከት” ብሎ የሚጠራው ሰው፣ ከመቼ ወዲህ ነው በጣቱ የሚያወራው? ድልድይ ጠባቂው መቼም እሱ ነው። ልምምድ ላይ አለ? እውነቱን ይንገሩኝ።

ዕድሜ ይስጥልኝ።

የወንድምዎ ልጅ

ሚያዝያ 19

ለጀልባዋ እመቤት፣

ሰላምሽ ይብዛ፣ ሥራሽ ይባረክ፣ ጎረቤትሽም መጥረጊያውን ለመጥረጊያነት ያውለው። መልሴ ዘገየ። እስክሪብቶ አልቆብኝ ነው እንዳልል ሦስት አለኝ። እንዲሁ ነው።

አሁን የምጽፍልሽ ሾርባ ጥጄ፣ በአንድ እጄ እያማሰልኩ ነው፤ ነጠብጣብ ካየሽ ካሮት ነው። ማኅበሩ ጉድ አፍልቷል! አለባበስ ተወሰነ፤ ከወገብ በላይ ብቻ። አዘጋጇ “ከወገብ በታች የእግዜርና የእናንተ ጉዳይ ነው” አለች። ዳቦ ጋጋሪው ይህን ሰምቶ ነው መሰለኝ፣ የጀልበኛ ካፖርት ከላይ፣ የሌሊት ሱሪ ከታች አድርጎ ሲዘፍን የበሩ ደወል ተደወለና ተነሥቶ ሄደ። ሁላችንም አየነው። ሱሪው ላይ ዳክዬዎች አሉ።

የማሳያው ቀን ተቆርጧል፣ ሰኔ 13። ማስታወቂያው መድኃኒት ቤቷ መስታወት ላይ ተለጥፏል። ሰው ለሳል ሽሮፕ ሰልፍ ይዞ እያነበበ “መለከት አለበት ወይ?” ይላል አሉ።

ስለ አባትሽ ለጠየቅሽኝ፣ አንድም ልምምድ አልቀረም። ከሁሉ በፊት ይገባል፣ ከሁሉ በኋላ ይወጣል። ይሰማል። በዚህ በኩል ሐሳብ አይግባሽ። ስልክ ስላለማንሣቱ ግን ራሱን ጠይቂው። ወንድሜን ታውቂዋለሽ፣ ሆድ ይፍጀው ባይ ነው።

ድምፅሽን ቶሎ ላኪልን።

አክስትሽ

ሚያዝያ 20

ለአክስቴ፣ ለምሥራች ነጋሪዬ፣

አፍዎ ማር ይብላ! “ይሰማል” የምትለዋን ቃል ሳነብ እንዴት ፈርቼ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ወንበሬ ላይ ተዘርፍጬ ለብቻዬ ሣቅሁ፣ ትንሽም አለቀስኩ። አባዬ ይሰማል! ሌላው ይቅርብኝ። ስልክ ካላነሣ አያንሣ፤ ጉሮሮውን ለዘፈኑ እየቆጠበልኝ ይሆናል።

ድርሻዬን ቀዳሁት። የት መሰለዎት? ቁም ሳጥን ውስጥ! ካፖርት የገደል ማሚቶ ይውጣል፣ የመሥሪያ ቤታችን ብልሃት ነው። በሩን ዘግቼ፣ ከክረምት ካፖርቶቼ ሥር ተቀምጬ፣ ስልኩን ከንፈሬ አጠገብ አድርጌ ዘፈንኩት። የአባዬን ስንኞች ባዶ ትቼለታለሁ። በየባዶው ቦታ ዓይኔን ጨፍኜ፣ እሱን በልቤ እያዘፈንኩ ጠበቅሁ። ሰዓት ሠሪው ያንን ባዶ ቦታ እንዳያሳጥርብኝ ይንገሩልኝ፤ የእሱን ትንፋሽ ልክ ስለማውቅ በልኩ ነው የተውኩት።

አሁን ልመናዬ አንድ ነው። የእሱን ቅጂ ለእኔ አስቀድማችሁ ላኩልኝ። ውሻ የጮኸበትም፣ ሳል የገባበትም ይሁን፣ ግድ የለኝም።

የወንድምዎ ልጅ

ግንቦት 3

ለልጄ፣

ጤናሽን ያብዛልሽ። ድምፅሽ ደርሶን ሁላችንም ሰማነው። አዘጋጇ ሁለት ጊዜ አስደገመችው፤ ሰዓት ሠሪው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። አባትሽም ነበረ።

ሥራው ትንሽ ተጓቷል። ዳቦ ጋጋሪው ለሙከራ ያህል አንዳንድ ስንኝ ዘፍኗል፣ ነገሩ እንዲህ ነው ለማለት ብቻ። ድምፁ መቼም አያንስም፣ ቡሖ አቡክቶ ያደገ ደረት ነው። ቅጂውን ሲደርስ እልክልሻለሁ። እዚህ ዝናብ ጀምሯል። ሾርባው እንዳያርብኝ ልሂድ።

አክስትሽ

ግንቦት 8

ለአክስቴ፣

ሰላምታዬን ቁጣዬ አያስቀረውም፤ እንደምን አሉ? እኔ ተቆጥቻለሁ።

ትናንት ፈረቃ ከጓደኛዬ ጋር ተለዋውጬ፣ ለማንም ሳልናገር፣ ካሜራዬን ዘግቼ ልምምዳችሁ ውስጥ ገባሁ። ላስደንቃችሁ ብዬ ነበር። ከእነዚያ ትናንሽ ሳጥኖች በአንዱ አባዬን አየሁት። ከስቷል። ሸሚዙ አንገቱ ላይ ሰፍቶታል። ተራው ሲደርስ አፉን አልከፈተም፤ ዳቦ ጋጋሪው ዘፈነለት። አባዬ ግን አገጩን በእጁ ደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ያዳምጥ ነበር። ከኋላው ያለው መጋረጃ የእርስዎ ሳሎን መጋረጃ ነው! ሾርባ የማይወዱት አክስቴ ለማን ነው በየደብዳቤው ሾርባ የሚጥዱት ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ።

ወጥቼ ደብዳቤዎን መልሼ አነበብኩት። “ይሰማል።” ወይ የፊደላችን ጣጣ! ሲጠብቅ ድምፅ አለው፣ ሲላላ ጆሮ አለው። እኔ አጥብቄ አነበብኩ፤ እርስዎ አላልተው ነበር የጻፉት። እኔም ስንት ቀን በዚያች ቃል ተደስቼ ኖርኩባት።

አለቀስኩ፣ ዕቃ ወረወርኩ (ትራስ ነው)፣ ከዚያ ሥራ ገባሁ። አንዲት ሴት ደወለች። ልጇ ደረቷ ላይ ተኝቷል፣ ታንሾካሹካለች። ከጮኹት ሁሉ ይልቅ የእሷ ቃል አንድ በአንድ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ያኔ ብድግ አልኩ! አክስቴ፣ አዳራሹ እኮ ተዘግቷል! አዳራሽ ውስጥ ሹክሹክታ ሦስተኛው ረድፍ አይደርስም። ስልክ ግን ሹክሹክታን ባሕር ያሻግራል። አባዬ ትንፋሽ ካለው ይበቃል።

ቦታውን ለዳቦ ጋጋሪው እንዳትሰጡብኝ። እኔ ባዶውን የተውኩት በአባዬ ልክ ነው፣ ሌላ ሰው አይገባበትም። ደግሞ ሹክ ማለትን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ ማን አለ? ሥራ ፈታሁ ብለውኝ አልነበር?

መልስዎን ቆሜ ነው የምጠብቀው።

ግንቦት 22

ለቁጡዋ ልጄ፣

ሰላምታሽን ከነቁጣሽ ተቀበልኩ፤ ቁጣሽ የአባትሽ ነው፣ ያስታውቃል። መልሴ የዘገየው አሁን በደግ ነው። ስንቱን ልንገርሽ! እጄ ከሐሳቤ ጋር አልሄድ አለኝ።

መጀመሪያ እውነቱን። በመጋቢት መጀመሪያ ወረርሽኙ ያዘው። ጠንቶበት ሆስፒታል ገባ፤ በጉሮሮው የመተንፈሻ ቱቦ አስገቡለት። ነፍሱን ፈጣሪ መለሰልን፤ ድምፁ ግን ቀረ። ይመለስ እንደሆነ ሐኪሞቹም አያውቁም። ከወጣ ጀምሮ እኔ ጋ ነው። “በሩቅ አገር ብቻዋን ታለቅሳለች፣ እንዳትነግሪያት” ብሎ በጽሑፍ አስማለኝ። ታዲያ ምን ላድርግ? መሐላውን ጠበቅሁ፣ ላንቺም አልዋሸሁም። ዋሽቼ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው! ጻፍኩልሽ፤ አጥብቀሽ ያነበብሽው አንቺ ነሽ። ግን ስጽፈው አጥብቀሽ እንደምታነቢው ዐውቅ ነበር። ለዚህችስ ይቅር በይኝ።

ደብዳቤሽን አሳየሁት። ሁለት ቀን ኮረፈኝ። በሦስተኛው ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፎ ወረወረልኝ፤ “የሚያንሾካሽክ ጠባቂ ያለው ድልድይ ጀልባ ያስሰብራል።” እኔም ተናደድኩና “አንተ ሰውዬ፣ በጭጋግ ውስጥ የሚጮህ ሰው የት እንዳለ አይታወቅም። ሹክ የሚልህ ግን አጠገብህ ነው” አልኩት። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። ዝም አለኝ፤ መቼም ሌላ ምርጫ የለውም። ከዚያ ተነሣና ቁም ሳጥኔን ከፍቶ ካፖርቶቼን ይነካካ ጀመር።

እልል በይ! ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ትምህርት ቤት ሆነ። ሐኪሙም በልክ ከሆነ ግድ የለም አለን። እኔ አስተማሪ፣ መለከት ተማሪ! “ሹክሹክታ የጉሮሮ ሥራ አይደለም፤ ቃሉን ከጥርስህ ጀርባ አስቀምጠውና በትንፋሽ ገፋ አድርገው” እለዋለሁ። እሱ እንደ ልማዱ ደረቱን ይነፋል። “ደረትህን ተወው፣ ጣቢያ አይደለህም!” እለዋለሁ። ያስለዋል፣ ይስቃል፣ ሲስቅ ድምፅ የለውም፣ ትከሻው ብቻ ነው የሚስቀው። ከታመመ ወዲህ ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

የቀረጻው ቀን ቁም ሳጥን ውስጥ ሁለት ሽማግሌዎች ገባን። እሱ ከካፖርቱ ሥር፣ እኔ ከእግሩ ሥር፣ ቃል ከጠፋበት ሹክ ልለው። ያንቺን ድምፅ በጆሮው አደረግንለት። ባዶው ቦታሽ ሲደርስ እጁን ያዝኩት። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንዲሉ፣ ወጣለት። እኔ አንድም ቃል ሹክ ማለት አላስፈለገኝም።

ዳቦ ጋጋሪው ቅጂውን ሲሰማ “እኔ ዳቦዬን ልጋግር” አለ። ቀጥሎ ሌላ ተአምር ሆነ። አዘጋጇ ለሹክሹክታው ቦታ እንዲሆን ተቀባዮቹ ግማሹን ስንኝ እንዲተዉ ለመነቻቸው፤ ሁሉም እሺ አሉ! ማኅበሩ ከተቋቋመ ጀምሮ ድርሻው ሲቀነስ ያላኮረፈ ሰው አይተን አናውቅም።

ቅጂውን አልክልሽም። ከሕዝቡ ጋር ስሚው ብሏል፣ እሱ ራሱ።

አክስትሽ፣ ሥራ የበዛባት

ሰኔ 14

ለአክስቴና ለአባዬ፣

ሁለታችሁንም አንድ ላይ እጅ እነሣለሁ፤ ሰላምታዬን ተካፈሉት። ይቅር ብያለሁ፣ አክስቴ። የሚቀየም ልብ ትናንት አልቆብኛል!

እንዴት እንዳየሁት ልንገራችሁ። ለብቻዬ አልችል አልኩና ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ፤ ስልኩን ላይኛው ደረጃ ላይ አቆምኩት። ባለመጥረጊያው ጎረቤቴ ጭምብሉን አድርጎ ወጣ፤ የሚቆጣ መስሎኝ ነበር፣ እሱ ግን ከታች፣ ራቅ ብሎ ቁጭ አለ። ሰውዬው ቋንቋችንን አይሰማም። ዳቦ ጋጋሪው በጀልበኛ ካፖርቱ ሲወጣ ግን ከት ብሎ ሣቀ። ዳክዬዎቹን ብነግረው ደረጃውን ተንከባሎ ይወርድ ነበር!

ጭጋጉ መጣ። የሰዓት ሠሪው ጭጋግ ምድጃ ላይ የተጣደ ውሃ መሆኑን ዐውቄያለሁ፣ የድስቱ ጠርዝ ይታያል። ተቀባዮቹ ዘፈኑ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ዝም፣ ዝም፣ ዝም አሉ። “ይሰማል?”

አባዬ፣ እዚህ ነበርክ። ጆሮዬ ላይ። ስዘጋጅበት የከረምኩት የመለከት ድምፅ ሁሉ ከአእምሮዬ ጠፋ። ትንሽ ልጅ ሆኜ ሲያመኝ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠህ የምትጠይቀኝ እንደዚህ ነበር፣ እናቴ እንዳትነቃ። ይህን ድምፅህንም ዐውቀዋለሁ እኮ! የጣቢያው ሰው አያውቀውም፤ እኔ ግን ዐውቀዋለሁ።

የተቀዳውን መልሴን መጠበቅ አልቻልኩም። ብድግ ብዬ ደረጃው ላይ “ይሰማል!” ብዬ ጮህኩ። ሕንፃው በሙሉ አስተጋባ። የቀዳሁት ድምፄ ከእኔ ኋላ ደረሰ፣ እንደ ልምምዳችሁ! ሁሉ ሲያልቅ ጎረቤቴ ምን አለኝ መሰላችሁ? “ቃሉ አልገባኝም፤ ግን ሰውዬው ከኋላዬ የቆመ መስሎኝ ዞሬ አየሁ።”

አባዬ፣ አንድ ጊዜ ንገረኝ። በየጽሑፉ “ደህና ነኝ፣ በርቺ” እያልክ እንዳታልፈኝ። ከደረጃው ስጮህ ሰማኸኝ ወይ?

ልጃችሁ

ሰኔ 15

ለልጃችን፣

የደስታ እንባሽን ያብዛልሽ። እዚህ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ በራችን ሥር ያልቆመ ሰው የለም። ከመንገዱ ማዶ ሆነው እጃቸውን እየያዙ እየጨበጡ፣ የራሳቸውን እጅ ማለቴ ነው፣ “እንኳን ደስ ያላችሁ” ይላሉ። አዘጋጇ ለሚቀጥለው ቴአትር የሹክሹክታ ተቀባዮችን እንዳሠለጥን ሾማኛለች። ዳቦ ጋጋሪው ሹክ ሲል መስኮት ያንቀጠቅጣል፤ ፈጣሪ ይርዳኝ።

ዛሬ ግን አጭር ነኝ። እስክሪብቶዬን ቀምቶኛል። ከዚህ በታች ያለው የራሱ እጅ ነው።

ልጄ፣

አክስትሽ ለራሷ ገጹን ሞልታ ለእኔ ይቺን ታህል ተወችልኝ። ጣቢያው ውስጥ ስጮህ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ብዙ ሰው ሰማኝ፤ መልስ የሰጠኝ ግን አልነበረም፣ ሁሉም አውቶቡሱን ይዞ ይሄዳል። አንቺም በዚያው ጣቢያ ነበር የሄድሽው፤ የአውቶቡስሽን ሰዓት ያሰማሁት እኔው ነኝ።

ለጠየቅሽኝ መልሴ ይኸው ነው፦ ይሰማል። አጥብቀሽም አንብቢው፣ አላልተሽም አንብቢው።

አባትሽ